የማይወድቀው ብናኝ

በነቀምቴ ባኬ ጃማ ሰፈር የእንጨት ሥራ ቤት የነበራቸው አናጺው ኦቦ ኦላና አርፈዋል። ያረፉት በቤታቸው፣ ጎህ ሲቀድ፣ ባለቤታቸው አዴ ሙሉ ጀርባቸውን ደግፈው እንዳስቀመጧቸው ነው። ተጋድመው መተንፈስ ካቃታቸው ቆይቶ ስለነበር በመጨረሻው ጊዜ ቁጭ ብለው ነበር የሚያንቀላፉት። ይህን የምጽፈው በነቀምቴም ሆነ በአርጆ፣ በኑኑ ቁምባም ሆነ ከዚያ ወዲያ በር ለገጠሙላችሁ፣ አልጋ ለሠሩላችሁ፣ መንገድ ላይ አቁመው ጥያቄ ለጠየቋችሁ ሁሉ ነው።

እኔ ሰይድ እባላለሁ፤ በሥራ ቤታቸው ረጅም ዘመን አብሬያቸው የሠራሁ ነኝ። ወላጆቼ በድርቁ ጊዜ ከወሎ መጥተው እዚህ ወለጋ የሰፈሩ ናቸው። ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከወጣ በኋላ ስለሆነ አጻጻፌ ቢሻክርባችሁ ታገሱኝ።

ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ብዙ ሰማሁ። አንዱ «ብርድ ነው የመታቸው» ይላል። አንዷ «ዓይን ነው፤ በዚያ እጃቸው ላይ ያልቀና ማን አለ?» ትላለች። አንድ ሽማግሌ ደግሞ «ዕድሜ ነው» ብለው ነገሩን ዘጉት። እኔ ብርድም፣ ዓይንም፣ ዕድሜም አልልም። ኦቦ ኦላናን የገደላቸው የእንጨት ብናኝ ነው። ሐኪሙ «ሊሆን ይችላል» ብሏል፤ ሐኪም እንደዚያ ነው የሚናገረው። እኔ ብናኙን አብሬያቸው ስውጥ የኖርኩ ስለሆንኩ «ሊሆን ይችላል» የሚለው ቃል ከአፌ አይወጣም። «ደግ ሰው ነበሩ» ብቻ ብዬ ብዘጋው፣ የደግነታቸውን ዋናውን ክፍል መቅበሬ ነው።

ኦቦ ኦላና ጠያቂ ነበሩ። ጣውላ ሊገዙ ሲሄዱ ከዋጋው በፊት ዛፉ የት ቆሞ እንደነበር ይጠይቃሉ፤ ቁልቁለት ላይ ወይስ ሜዳ ላይ፣ ለቡና ጥላ ሆኖ ወይስ ብቻውን። ነጋዴ ይሰለቻል። አንዱ፣ «ኦቦ ኦላና፣ እኔ የምሸጠው እንጨት ነው፤ ዘር ማንዘሩን አላውቅም» አላቸው። እሳቸውም፣ «ታዲያ እኔ ላጋባው አይደል? ዘሩን ሳልጠይቅ እንዴት አድርጌ?» አሉት።

የኤሌክትሪክ ማለስለሻውን ማሽን ከአዲስ አበባ ባስመጡ ጊዜም እንዲሁ ሆኑ። ሌላው ባለሥራ ቢሆን በዚያው ዕለት ሶኬት ላይ ሰክቶ ይጀምር ነበር። እሳቸው መጀመሪያ ፈቱት። ገጠሙት። ከዚያ የብርጭቆ ወረቀቱ በሚያያዝበት መዳፉ ጠርዝ ላይ እርሳስ አስረው፣ ማሽኑን ነጭ ወረቀት ላይ አስነሡት። ወረቀቱ እርስ በርስ በተደራረቡ ትንንሽ ቀለበቶች ተሞላ። ለረጅም ጊዜ ሲያዩት ቆዩና፣ «ይሄ አይፍቅም። ያኝካል። ነቀዝ ነው» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማሽኑ ስም ነቀዙ ሆነ። ጠዋት ስንገባ «ነቀዙ በልቷል?» እንባባል ነበር።

ማሽኑ የመጣበት ካርቶን ላይ ሥዕል ነበረበት፤ ዓይኑን በመነጽር፣ ጆሮውን በመድፈኛ፣ አፍና አፍንጫውን በጭንብል የሸፈነ ሰው። ኦቦ ኦላና ካርቶኑን አዙረው አዩትና፣ «ይሄ ሰውዬ ምን አጥፍቶ ነው እንዲህ የታሰረው?» ብለው ጠየቁን። ሳቅን። ካርቶኑ መደርደሪያ ላይ ወጣ።

ሦስተኛው ሠራተኛ ቶለራ ይባላል፤ የኑኑ ቁምባ ልጅ፣ ባለ ትዳር፣ እጁ ፈጣን፣ ምላሱ ከእጁ የሚቀድም። ነቀዙን ከሁላችን በላይ የወደደው እሱ ነበር። መጀመሪያ የሠራበት የዋንዛ ቁም ሣጥን በር ነበር። ቶሎ ይለስልስልኝ ብሎ በሙሉ ክብደቱ ተጫነው፤ ከሻካራው ወረቀትም መካከለኛውን ዘሎ ወደ ደቃቁ ሄደ። በእጅ ሲዳሰስ ሐር ነበር። ቫርኒሹ ሲያርፍበት ግን ያ ሁሉ ቀለበት ከእንጨቱ ውስጥ ብድግ ብሎ ወጣ፤ ዶሮ የተራመደበት ጭቃ መሰለ።

ኦቦ ኦላና አልተቆጡትም። ሌላ ያልተቀባ በር አንሥተው የጠዋት ፀሐይ በጎን እንዲመታው አጋደሙትና፣ «ና እይ» አሉት። ከላይ ምንም የማይታይበት እንጨት በጎን ብርሃን ጭረቱን ሁሉ አወጣ። «ብርሃን ከላይ ሲመጣ ይሸነግላል» አሉ። «ከጎን ሲመጣ ነው የሚመሰክረው።» ቀጥለው በእርሳስ ጣውላውን ሙሉ ሞነጫጨሩትና ማሽኑን አስጨበጡት። «አትጫነው። የራሱ ክብደት አለው፤ ያንተን አልጠየቀም። ዝም ብለህ ምራው፣ አንድ ቦታ አታቁመው፣ ጠርዝ ላይ አታዘንብለው። እርሳሱ ሲጠፋ ብናኙን ጠርገህ ወረቀት ቀይር፣ እንደገና ሞነጫጭር።» ቶለራም፣ «ኦቦ፣ ሥራ ነው ወይስ አንደኛ ክፍል?» አለ። «አንደኛ ክፍል ነው። ሁለተኛ ያለፈ ግን እስካሁን አላየሁም» አሉት። ብዙ በር ከዚያ በኋላ ከዚያ ቤት ወጥቷል፤ ቀለበት ያለበት አላየሁም።

አሁን ደግሞ የእኛ አገር ሰው ብቻ የሚሠራውን ስህተት ልንገራችሁ። መብራት ሲሄድ ሁሉም የያዘውን ጥሎ ይወጣል፤ የእግዜር ዕረፍት ነው። አንድ ቀን ቶለራ ነቀዙን ይዞ ሳለ መብራት ሄደ። ማሽኑ ጣት እንዳይደክም ማብሪያውን ይዞ የሚያቆይ ቁልፍ አለው፤ እሱን እንደተጫነ ማሽኑን ጠረጴዛ ላይ ትቶት ወጣ። የሕንፃ መሣሪያ ከሚሸጠው ጉራጌው ጎረቤታችን ከጋሽ ሸምሱ ሱቅ ደጅ ጥላ ሥር ቁጭ ብለን ስናወራ፣ ሰፈሩ በአንድ ድምፅ «መጣ!» አለ። ወዲያው ከሥራ ቤታችን ጩኸት ተሰማ። ስንሮጥ ነቀዙ ብቻውን ጠረጴዛው ላይ እየተራመደ፣ የቫርኒሹን ቆርቆሮ ገፍቶ ጥሎ፣ እሱም ተከትሎ ወርዶ፣ ገመዱን እየጎተተ መሬት ላይ ይጨፍራል። ጋሽ ሸምሱ በሩ ላይ ቆመው፣ «ኦላና፣ ካሉህ ሠራተኞች ይሄኛው ይሻላል፤ ሳትጠራው ገባ» አሉ።

ሁላችን ስንስቅ ኦቦ ኦላና አልሳቁም። ሶኬቱን ነቀሉና ማሽኑ ወድቆ የነበረበትን ቦታ ያዩ ነበር። ጠዋት እዚያው ቦታ ላይ ተንበርክኬ የወንበር እግር ስገጥም ነበር። «መብራት ሲሄድ መጀመሪያ ሶኬት። ከዚያ ወሬ» አሉ። «መብራት ሲመለስ አያንኳኳም።»

ነገሩ በእኛ ቤት ብቻ አላበቃም። መብራት በሄደ ቁጥር ኦቦ ኦላና ተነሥተው በመንደሩ ያሉትን ሥራ ቤቶች ይዞሩ ነበር። ሌላው «አሻማ» ብሎ ሰላምታ ሲሰጥ እሳቸው «ሶኬቱስ?» ይላሉ። ሰው ከሌለ ገብተው ራሳቸው ይነቅላሉ። ከኋላቸው ያልተባለ የለም። «ሽማግሌው ቆጣሪ አንባቢ ሆኑ ወይ?» ይሏቸው ነበር። እኛ ሰፈር ውስጥ ስንት ጣት በእጅ ላይ እንደቀረ ያወቀላቸው የለም። ያልተቆረጠ ጣት ማን ያመሰግናል?

ሳሉ የመጣው ቀስ ብሎ ነው። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት፣ ከዚያ ዳገት ላይ፣ ከዚያ እንዲሁ ቆመው እያሉ። ሆስፒታል የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ታጋሽ ነበር። የምን ሥራ እንደሚሠሩ ጠየቃቸው፣ ጀርባቸውን አዳመጠ፣ ራጁን ወደ ብርሃን አንሥቶ አሳያቸው። ሌላ ሰው ቢሆን «እድናለሁ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ኦቦ ኦላና ጣታቸውን ወደ ራጁ ዘርግተው፣ «ይሄ ነጩ ሸካራ ነው ለስላሳ?» አሉ። ሐኪሙ አሰበበት። «በእጄ ነክቼው አላውቅም አባቴ። ለስላሳ የነበረው ደርቋል ብል ይሻላል» አላቸው። የዓመታት ብናኝ ሊሆን እንደሚችል፣ ወደዚያ አቧራ እንዳይመለሱም ነገራቸው። «የትኛው ብናኝ?» አሉ። «ዓይንዎ የማያየው» አለ።

ወደ ቤት ስንመለስ በባጃጁ ውስጥ ስለ ሕመማቸው አንድም ቃል አላነሡም። «ያ ሰይድ» አሉኝ በኦሮምኛው አጠራር፣ «ዓይን የማያየውን ነገር ማየት ብንፈልግ ምን እናደርጋለን?»

በበነጋው መጡና ሰው ሁሉ ውጣ አሉ። የሥራ ቤታችን ግድግዳ ቆርቆሮ ነው፤ የምስማር ቀዳዳ አለበት። ቶለራ ነቀዙን ጥቂት አሠርቶ እንዲያጠፋውና እንዲወጣ አዘዙት፤ በሩ ተዘጋ፤ እኛ ከውጭ በበሩ ስንጥቅ እናያለን። በቀዳዳው የገባው የፀሐይ ዘንግ ውስጥ ብናኙ እንደ ጭስ ይጥመለመላል። ትልልቁ ቶሎ ወደ መሬት ወረደ። «አለቀ፣ እንግባ» አለ ቶለራ። «ቆይ» አሉት። ቆየን። ፀሐይዋ ዞራ ዘንጉ ከአንዱ ጣውላ ወደ ሌላው ተሻገረ፤ ጭሱ አሁንም በውስጡ አለ። የሚወርድ አይመስልም፤ ተንሳፎ ቀርቷል። እኛ ታዲያ ማሽኑ በቆመ ቁጥር እዚያው ቁጭ ብለን ምሳችንን የምንበላ ሰዎች ነን።

«የሚወድቀው አይደለም የሚገድለው» አሉ ኦቦ ኦላና በሳላቸው መሐል። «የማይወድቀው ነው።»

«ማሽኑ ከቆመ ሥራም ቆመ፤ ብናኙ እዚያ ተንሳፎ ማንን ይጠብቃል ኦቦ?» አለ ቶለራ እየሳቀ።

«አንተን።»

ቀልድ አልነበረም። ቶለራ መሳል ጀምሮ ነበር። ብዙ አይደለም፤ ጠዋት ሲገባ፣ በመዳፉ ሸፍኖ። ያን ዕለት ማታ ኦቦ ኦላና ወደ ጎን ጠርተውኝ፣ «የልጁን ሳል ሰምተኸዋል? አውቀዋለሁ። የእኔ ነው» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ቀሪ ትንፋሻቸውን ያወጡበት ነገር ይህ ብቻ ነበር፤ ያ ሳል ከእሳቸው ጋር እንዲቀር።

ካርቶኑ ከመደርደሪያው ወረደ። የታሰረው ሰውዬ ሥዕል ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ብናኝ የሚሰበስበውን የማሽኑን ከረጢት፣ ቶሎ ይሞላል ብለን አውልቀን የጣልነውን፣ ፈልገው መለሱት። ነቀዙ ወደ በሩ ተጠጋ፤ የፊቱም የኋላውም በር ተከፍቶ ነፋሱ ከጀርባ ገብቶ በፊት እንዲወጣ አደረጉ። መሬቱ ደረቁን አይጠረግም ተባለ፤ ውኃ ይረጫል። ምሳ ውጭ። ጭንብሉንም ከጋሽ ሸምሱ አመጡ፤ ለጨርቅ ብናኙ እንደማይበገር ስለተነገራቸው ማጣሪያ ያለውን ነበር የመረጡት።

ቶለራ፣ «ፊቴን የምሸፍነው ሙሽራ ነኝ?» አለ። «ይሞቃል።» «ጺሜን ይበላኛል።» «በዚህ ውስጥ ሆኜ ማንን እሰድባለሁ?» ኦቦ ኦላና ሲመጡ ያጠልቀዋል፣ ዞር ሲሉ አገጩ ላይ ያወርደዋል። ቤት ሲውሉና እኔ ማታ ስጠይቃቸው፣ ከሰላምታው ቀጥሎ የሚያወጡት ቃል «ቶለራስ?» ነበር። እኔ ሰው ደስ ለማሰኘት የምዋሽ አይደለሁም። «አገጩ ላይ» እላቸዋለሁ። ፊታቸውን አዙረው መስኮቱን ያያሉ። በዚያ ሰሞን ቶለራን በጥፊ ማለት ያምረኝ ነበር።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሁለታችንንም አስጠሩን። ትራስ ተደራርቦላቸው ተቀምጠዋል። ቃል በቃል እየቆረጡ ነው የሚናገሩት።

«ና ቅረብ ኢልመኮ» አሉት ቶለራን፤ ልጄ ማለታቸው ነው። እጁን ይዘው ሸሚዛቸውን ገልጠው ደረታቸው ላይ አኖሩት። «ዓይንህን ጨፍን። እንደ ጣውላ ዳስሰው። የስንት ቁጥር ወረቀት ነው?»

ቶለራ ሊቀልድ አፉን ከፈተና ተወው። በመዳፉ ሥር የሚንኮሻኮሸውን እኔ ከወንበሬ እሰማ ነበር። «ስልሳ» አለ። ስልሳ ቁጥር ሻካራው ነው፤ ቀለም ለመግፈፍ የምናነሣው።

«ልክ ነህ። እኔም ስልሳ ነው ያልኩት» አሉ፤ መልሱ የገጠመላቸው ሰው ደስታ በፊታቸው ላይ ነበር። ከዚያ የራሳቸውን እጅ አንሥተው የቶለራ ደረት ላይ አደረጉ። ብዙ ቆዩ። አዴ ሙሉ ጀርባቸውን ሰጥተውን ወደ ጓዳ ገቡ።

«ያንተ ገና ነው» አሉ። «እንጨት ከሻካራ ወደ ለስላሳ ይሄዳል። ስሠራ የኖርኩት ያንን ነው። ይሄኛው ከለስላሳ ወደ ሻካራ ብቻ ነው የሚሄደው። እንዴት እንደሚመለስ ፈለግሁ፤ አላገኘሁም። ምናልባት አንተ ታገኘው ይሆናል። ግን ጊዜ ይኑርህ።»

 

ባረፉ ዕለት ሣጥኑን እኛ ሠራነው። በአገሩ ልማድ ሣጥን በጨርቅ ይለበጣል፤ ስለዚህ ማንም አያለሰልሰውም። አዴ ሙሉ ግን፣ «እሱ እንጨት ሲሸፈን አይወድም። እንዳለ ይሁን» አሉ። ዋንዛ ነበረን፤ ለሰው አልጋ ተብሎ የተቀመጠ። ቶለራ ነቀዙን አነሣ፤ በሮቹን ከፈተ፤ ጭንብሉን አጠለቀ፤ እኔም አጠለቅሁ።

በዚህ መሐል የኦቦ ኦላና ታላቅ ወንድም ኦቦ ፊሪሳ ከአርጆ ደረሱ። ከለቅሶ ቤት ሣጥኑን ሊያዩ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። ያዩት ይህ ነው፤ የወንድማቸውን ሣጥን የሚሠሩ ሁለት ሰዎች አፍንጫቸውን ሸፍነዋል።

«ወንድሜ ገና ከቤት ሳይወጣ ሸተታችሁ?» አሉ።

ከኋላቸው የመጡት አንዳንዶቹ አጉረመረሙ። አንዱ «አውልቁት፣ ነውር ነው» ብሎ ጮኸ። እውነቱን ልናገር፣ እኔ ለማውለቅ እጄን አንሥቼ ነበር፤ የሐዘንተኛ ሽማግሌ ፊት ከባድ ነው። ቶለራ ማሽኑን አጠፋ። እስኪቆም ጠበቀ። ሶኬቱን ነቀለ። ጭንብሉን ሳያነሣ በሰዎቹ መሐል አልፎ ወደ ውጭ ወጣ፤ መንገዱ ላይ ደርሶ፣ ነፋስ ያለበት ቆሞ አወለቀው።

«ኦቦ ፊሪሳ» አላቸው፣ «እሳቸው የሞቱበትን ነገር በእሳቸው ሣጥን ላይ ብውጠው፣ ምን ብዬ ነው የምሸኛቸው? ያከበርኳቸው ይመስልዎታል?»

ቶለራ መልሶ አጠለቀው፣ ገባ፣ ሥራውን ቀጠለ። እርሳሱን እየሞነጫጨረ፣ እየጠረገ፣ ወረቀት እየለወጠ፣ አንድም ቁጥር ሳይዘል፤ አፈር ለሚገባ እንጨት።

ኦቦ ፊሪሳ እስከ ቀብሩ ድረስ አላናገሩንም። አሁንም የከፋቸው ይመስለኛል። ይክፋቸው። ሠራተኞቹ በሣጥኑ ላይ አፍንጫቸውን ያዙ እየተባለ በከተማው የሚወራውም ደርሶኛል። ያየነው ይህ ነው፤ የቀረውን ራሳችሁ ፍረዱ። ከፍርዱ በኋላ ግን እናንተ አናጺዎች ወደ ሥራ ቤታችሁ ግቡና በሩን ዝጉ፤ በምስማር ቀዳዳው የሚገባውን ፀሐይ እዩ።

ኦቦ ኦላና፣ ቶለራ ጠዋት ጠዋት አሁንም ይስላል። ድኗል ብዬ አልዋሽዎትም፤ እርስዎም አያምኑኝም ነበር። ሆስፒታል ሄዶ ራጅ ተነሥቷል፤ ውጤቱን ሲነግሩት እኔም አብሬው እቀመጣለሁ፤ እርስዎ የሚጠይቁትን እጠይቅልዎታለሁ፤ ሐኪሙ ይሰልች። አዴ ሙሉ ደህና ናቸው፤ ትራሶቹን ገና አልለያዩዋቸውም። ማታ ስንለያይ እንደምንባባለው «ነጋን ቡላ» ልበልዎ፤ በሰላም ይደሩ። ሰው ሲሸኝ አፈሩ ይቅለልህ ይባላል። እኔ አፈሩ ሁሉ ይቅለልዎ ብዬ አልለምንልዎትም፤ ደረትዎ ላይ ያለው ይቅለልልዎ።